የመንገድ ማዕረግ፦ ከብሪታንያ የመንገድ መዝገብ እስከ ኢንተርኔቱ የጋራ ካርታ

መግቢያ

በስደት የሚኖር ሰው አገሩን ከሚያይባቸው መስኮቶች አንዱ ካርታ ነው። ቀድሞ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ይሰቀል የነበረው በወረቀት የታተመው ካርታ ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኞቻችን የትውልድ ቀያችንን የምንፈልገው በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ላይ ነው። በዚህ ረገድ ልዩ ቦታ የሚሰጠው «ኦፕን ስትሪት ማፕ» የተባለው፣ ማንኛውም ፈቃደኛ ሰው ሊያርመውና ሊጨምርበት የሚችለው የጋራ ካርታ ነው። ይህን ካርታ ከፍቶ ኢትዮጵያን ከሩቅ የተመለከተ ሰው በቅድሚያ የሚያየው ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደየማዕዘኑ የሚዘረጉ ጥቂት ደማቅ መስመሮችን ነው። ቀረብ እያለ ሲሄድ ቀጠን ያሉት ይገለጣሉ። የእግር መንገዶቹን ለማየት ግን ከመንደሩ ጣራ በላይ እስኪደርስ ድረስ መቅረብ አለበት።

ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አንድ ሰው በአንድ ወቅት ለእያንዳንዱ መንገድ ማዕረግ ሰጥቶታል፤ ካርታውም በማዕረጉ መሠረት አንዱን ያሳያል፣ ሌላውን ይሰውራል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አጭር ነው። ማዕረጉ ከየት መጣ? መመዘኛውስ ምንድን ነው? የአገራቸውን መንገድ ከባሕር ማዶ ሆነው በካርታ ላይ ለሚያሰፍሩ ወገኖቻችንስ ምን ኃላፊነት ይጥልባቸዋል? ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

፩. ከግምጃ ቤት የተወለደ ደረጃ

በብሪታንያ የመንገድ ደረጃ የተወለደው ከጂኦግራፊ ጥናት ሳይሆን ከገንዘብ ሒሳብ ነው። በ1919 የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሲቋቋም መንገዶችን የሚጠግኑት የየአካባቢው አስተዳደሮች ነበሩ። የሞተር ተሽከርካሪ እየበዛ በሄደ መጠን ግን ጥገናው ከአቅማቸው በላይ ሆነ፤ በሠፈራቸው የሚያልፈው መኪና የእነርሱ ሳይሆን የሩቅ ሰው መኪና ነበርና ወጪውን ብቻቸውን መሸከማቸው ፍትሐዊ አልነበረም። ስለሆነም ማዕከላዊው መንግሥት ከተሽከርካሪ ግብር ከሚሰበስበው ገንዘብ ድጎማ ለመስጠት ወሰነ። ለአንደኛ ክፍል መንገዶች የጥገናውን ግማሽ፣ ለሁለተኛ ክፍል ደግሞ ሩቡን ይከፍል ጀመር። «ኤ» እና «ቢ» የሚሉት የመንገድ ፊደላት ትርጉም ከመነሻው ይኸው ነበር።

የመንገዶቹ ዝርዝር ከነቁጥራቸው በ1923 ታተመ። አቆጣጠሩ ራሱ ብዙ ይናገራል። ከአንድ እስከ ስድስት ያሉት ዋና ዋና መንገዶች ከለንደን ይነሣሉ፤ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ያሉት ደግሞ ከኤዲንብራ። የቀሩት ሁሉ ቁጥራቸውን የሚያገኙት በእነዚህ ጨረሮች መካከል ባላቸው ቦታ ነው። እንግዲህ አንድ የገጠር መንገድ ስሙ የሚታወቀው ከዋና ከተማው በሚወጣው መስመር አንጻር ነው ማለት ነው። ከሁለቱ ክፍሎች ውጪ የቀረው «አንክላሲፋይድ»፣ ይኸውም ደረጃ ያልወጣለት ተባለ።

በዚህ ላይ ሌሎች ድርቦች ተጨመሩ። በ1936 የወጣ ሕግ 4,500 ማይል ያህል የሚሆኑ መንገዶችን ከአካባቢ አስተዳደሮች ወስዶ በቀጥታ በሚኒስትሩ ሥር አደረገና «ትረንክ» አላቸው፤ ቃሉ የዛፍ ግንድ እንደ ማለት ነው። በታኅሣሥ 1958 በፕሬስተን አጠገብ ስምንት ማይል የሚያህል የመጀመሪያው ሞተርዌይ ተከፈተ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የመንገድ ምልክቶችን እንዲያሻሽል የተሾመው የወርቦይስ ኮሚቴ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ ከ«ኤ» መንገዶች መካከል ለሩቅ ተጓዥ የሚመከሩት ተመርጠው «ፕራይመሪ» ተባሉ፤ ምልክታቸውም አረንጓዴ ሆነ። የሞተርዌዩ ሰማያዊ፣ የቀሩት ነጭ ነበሩ።

ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የመጀመሪያው ደረጃ የገንዘብ ጥያቄ መልስ ነበር፤ ሁለተኛው የባለቤትነት፣ ሦስተኛው የአሠራር፣ አራተኛው የመንገደኛ መሪነት። አራት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች በአንድ መሰላል ላይ ተደራርበው ቆሙ። ለብሪታንያ ሰዎች ይህ ችግር አልነበረም፤ እያንዳንዱ ድርብ ሲጨመር አይተዋልና። ችግሩ የመጣው መሰላሉ ከአገሩ ወጥቶ ለዓለም ሁሉ መለኪያ ሲሆን ነው።

፪. መሰላሉ ወደ ጋራ ካርታው እንዴት ገባ

ስቲቭ ኮስት የተባለው እንግሊዛዊ በ2004 ኦፕን ስትሪት ማፕን ሲጀምር ዓላማው የዓለምን መንገድ ደረጃ መመደብ አልነበረም። ቅሬታው ሌላ ነበር። የብሪታንያ መንግሥት የካርታ ድርጅት የሆነው ኦርድናንስ ሰርቬይ ያዘጋጃቸው ካርታዎች በዘውዱ የባለቤትነት መብት የተጠበቁ ስለ ነበሩ፣ የአገሩ ዜጋ ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ ሊጠቀምባቸው አይችልም ነበር። በሌላ በኩል የአሜሪካ መንግሥት በግንቦት 2000 በጂ.ፒ.ኤስ. ላይ ሆን ብሎ ያደርገው የነበረውን ማዛባት ስላቆመ፣ ማንም ሰው አነስተኛ መቀበያ ይዞ በእግሩ ወይም በብስክሌት የሄደበትን መንገድ መመዝገብ ቻለ። በጎ ፈቃደኞች በዚህ መንገድ ካርታ መሥራት ጀመሩ፤ በግንቦት 2006 በዋይት ደሴት ተሰብስበው በጥቂት ቀናት ውስጥ የደሴቲቱን መንገዶች በጋራ መመዝገባቸው ከታወቁት ጅምር ሥራዎች አንዱ ነው።

የአመዘጋገቡ ዘዴ ቀላል ነው። አንድ መንገድ ማለት ተከታትለው የተቀመጡ የነጥቦች መስመር ነው። በመስመሩ ላይ መለያዎች ይለጠፋሉ፤ እያንዳንዱ መለያ አንድ ቁልፍና አንድ ዋጋ አለው። የመንገድ ሁሉ ቁልፍ «ሃይዌይ» ተባለ። ዋጋዎቹም ከላይ ወደ ታች ሞተርዌይ፣ ትረንክ፣ ፕራይመሪ፣ ሰከንደሪ፣ ተርሸሪ፣ አንክላሲፋይድ፣ የመኖሪያ ሠፈር መንገድ እያሉ እስከ እርሻ መንገድና እስከ እግር መንገድ ይወርዳሉ። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች በለንደንና በአካባቢው የሚኖሩ ስለ ነበሩ በደጃቸው ያለውን መሰላል ወሰዱ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሌላ መሰላል አያውቁም ነበር እንጂ።

በመጀመሪያ ደረጃ የቃሉን ጉዳይ እንመልከት። በእንግሊዝ ሕግ «ሃይዌይ» ማለት ሕዝብ ያለ ከልካይ ሊተላለፍበት መብት ያለው መንገድ ሁሉ ነው፤ በእርሻ መካከል የሚያልፍ የእግር መንገድ ሳይቀር። በአሜሪካ ግን ቃሉ የታላላቅ የመኪና መንገዶች ስም ሆኗል። እኛም በአማርኛ «አውራ ጎዳና» ብለን የተረጎምነው በዚሁ በሁለተኛው ስሜት ነው፤ «አውራ» የሚለው ቃል ራሱ አለቅነትን ይዟል። ከወንዝ ውሃ ለመቅዳት የሚወረድበትን ቀጭን መንገድ «አውራ ጎዳና» ብሎ የጠራ ሰው በእኛ ዘንድ መሳቂያ ይሆናል። በጋራው ካርታ መዝገብ ውስጥ ግን ያ ቀጭን መንገድ ከታላቁ አስፋልት ጋር በአንድ ቁልፍ ሥር ተቀምጧል። በእኛ አስተያየት ይህ የአሮጌው ሕግ ቅሪት ከመሰላሉ ክፍሎች ሁሉ የተሻለው ነው፤ መንገድን መንገድ የሚያደርገው የሰው መተላለፍ እንጂ የጎማ መተላለፍ አለመሆኑን ይመሰክራልና።

ሁለተኛው ጉዳይ ግን እንዲህ መልካም አይደለም። በብሪታንያ የመንገድ ምልክት «ፕራይመሪ» የሚባለው አረንጓዴው መንገድ በጋራው ካርታ «ትረንክ» ተብሎ ይመዘገባል፤ «ፕራይመሪ» የሚለው ስም የሚሰጠው ፕራይመሪ ላልሆነው «ኤ» መንገድ ነው። «አንክላሲፋይድ» የሚለውም በካርታው ውስጥ የራሱ ቦታ ያለው አንድ ዝቅተኛ ደረጃ እንጂ ገና ያልተመደበ ማለት አይደለም። ጀማሪ ሠራተኛ ግን ቃሉን እንዳለ ወስዶ፣ ምንነቱን ላላወቀው መንገድ ሁሉ ይለጥፈዋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ «አላውቅም» የሚለው ሐቀኛ መልስ «ዝቅተኛ ነው» ወደሚል ፍርድ ይለወጣል። የሁለቱ ልዩነት በታሪክ ጥናት ሙያ ላይ ለተሰማራ ሰው ግልጽ ነው፤ የሰነድ አለመኖር የድርጊቱ አለመፈጸም ማስረጃ እንዳልሆነ ሁሉ፣ አለማወቅም ዝቅ አድርጎ ለመፍረድ ምክንያት አይሆንም።

፫. ቀለምና ርቀት

መዝገቡና ሥዕሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። መዝገቡ መለያዎችን ይይዛል፤ ሥዕሉን የሚሠራው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ከአንዱ መዝገብ ብዙ ዓይነት ሥዕል ሊወጣ ይችላል። ሆኖም አብዛኛው ተመልካች የሚያየው በድርጅቱ ገጽ ላይ በቅድሚያ የሚቀርበውን ሥዕል በመሆኑ፣ ለእርሱ ካርታው ማለት ያ ሥዕል ነው።

ይህ ሥዕል ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ የብሪታንያን ካርታዎች ልማድ ተከትሎ ሞተርዌይን በሰማያዊ፣ ትረንክን በአረንጓዴ፣ ፕራይመሪን በቀይ፣ ሰከንደሪን በብርቱካን ቀለም ያሳይ ነበር። የብሪታንያ ተወላጅ ቀለሙን ገና ሲያይ ደረጃውን ያውቃል። ለሌላው ተመልካች ግን ሰማያዊው መንገድ ከወንዝ፣ አረንጓዴው ከደን ይቀላቀልበት ነበር፤ ከአረንጓዴና ከቀይ የትኛው እንደሚበልጥ የሚነግረውም አልነበረም። በ2015 የተደረገው ለውጥ መንገዶችን ከቀይ ጀምሮ በብርቱካን በኩል ወደ ቢጫና ወደ ነጭ በሚወርድ አንድ የቀለም ቤተሰብ አስቀመጣቸው። የለመዱትን ቀለም ያጡት የብሪታንያ ሠራተኞች ቅር ቢሰኙም፣ በእኛ ግምት እርምጃው ትክክል ነበር፤ ካርታው የአንድ አገር ልማድ መሆኑ ቀርቶ ማንም ሊያነበው ወደሚችል ቋንቋ ያደረገው ጉዞ ነውና።

ነገር ግን ቀለሙ ቢለወጥም መሰላሉ አልተለወጠም። ከቀለም ይልቅ ሥልጣን ያለው ርቀት ነው። ካርታው ከሩቅ ሲታይ የሚቀሩት የላይኛዎቹ ደረጃዎች ብቻ ናቸው፤ ተመልካቹ በራቀ መጠን የታችኞቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ስለዚህም አንድን መንገድ ከአንድ ደረጃ ወደሚቀጥለው ማውረድ ስሙን መለወጥ ብቻ ሳይሆን ከሩቅ ከሚያይ ሰው ዓይን ማስወገድ ነው። በመንገዱ ዳር ያሉት ከተሞችም መንገድ የማይደርስባቸው መስለው ይታያሉ።

፬. አራት አገር፣ አራት ትርጉም

መሰላሉ በዓለም ሲሰራጭ እያንዳንዱ አገር በራሱ መንገድ ተረጎመው። በጀርመን ሥራው በአንጻራዊነት ቀላል ነበር፤ የፌዴራል፣ የክፍለ አገርና የወረዳ መንገዶች በሕግ የተለዩ ስለሆኑ፣ በቅደም ተከተል በፕራይመሪ፣ በሰከንደሪና በተርሸሪ ተተኩ። በዚያ አገር ደረጃ ማለት ባለቤትነት ሆነ።

በዩናይትድ ስቴትስ ግን «ትረንክ» የሚለው ቃል ለብዙ ዓመታት አከራካሪ ሆኖ ቆየ። አንደኛው ወገን ስሙ የሚገባው በመካከሉ ተከፍሎ ለፈጣን ጉዞ ለተሠራ መንገድ ብቻ ነው አለ፤ ሌላው ወገን ደግሞ ባለ ሁለት መስመር ቀጭን መንገድም ቢሆን ሁለት ታላላቅ ከተሞችን የሚያገናኝ ብቸኛ መንገድ ከሆነ ስሙ ይገባዋል ሲል ተከራከረ። በ2021 የተዘጋጀው አዲስ መመሪያ ወደ ሁለተኛው ሐሳብ አዘነበለ። ክርክሩ የቃላት ጠብ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው ጥያቄ አሠራር ይበልጣል ወይስ አገልግሎት የሚል ነው።

በአፍሪካ ጥያቄው ይበልጥ ይከርራል። ከአውሮፓ የመጣ ሠራተኛ አቧራማ መንገድ ባየ ቁጥር «የእርሻ መንገድ» እያለ ይመዘግብ ነበር፤ በአገሩ ያልተነጠፈ መንገድ የገበሬ ትራክተር የሚሄድበት ብቻ ነውና። በዚህ ዓይነት የአንድ አውራጃ ብቸኛ የአውቶቡስ መንገድ ከካርታው ግርጌ ይወድቃል። ለዚህም ነው በአፍሪካ ካርታ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ደረጃ በመንገዱ ኅብረተሰባዊና ኢኮኖሚያዊ ጠቀሜታ እንጂ በንጣፉ እንዳይመዘን፣ ንጣፉ ለብቻው በሌላ መለያ እንዲመዘገብ የሚል መመሪያ ያዘጋጁት። መመሪያው ትክክል ነው፤ ሆኖም ጠቀሜታን የሚያውቀው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ይተዋል።

በጥር 2010 በሄይቲ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የዚህን ጥያቄ ሁለት ገጽታ አሳየ። በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ፎቶግራፍ እያዩ የፖርት ኦ ፕሬንስን መንገዶች በጥቂት ቀናት ሣሉ፤ ርዳታ ሰጪዎችም ተጠቀሙበት። ሩቅ ያለ ሰው ሊሠራ የሚችለው ሥራ ታላቅ መሆኑ ከዚያ ወዲህ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ከሰማይ የሚታየው የመንገዱ ቅርጽ ነው፤ ስሙ፣ አገልግሎቱ፣ በክረምት መኖር አለመኖሩ አይታይም።

፭. የኢትዮጵያ መንገድና የካርታው መሰላል

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ መንገድን የመመደብ ልማድ ከባዕድ የመጣ አዲስ ነገር አለመሆኑን እናያለን። በ19ኛው መቶ ዓመት ከሊሙ እናርያ ተነሥቶ በጎጃም ባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ የሚዘልቀው የነጋዴ መንገድ ታላቅ የነበረው ስፋት ስለ ነበረው አይደለም። ታላቅነቱ የሚለካው በሚያልፍበት ሲራራ ነጋዴ፣ በገበያዎቹና በኬላዎቹ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1867 እና በ1868 ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጠረጉት መንገድ ደግሞ የመድፍ መንገድ ነበር፤ ደረጃውን የሰጠው የተሸከመው ጭነት ነው።

ከ1936 እስከ 1941 የኢጣልያ ወራሪ የሠራቸው መንገዶች ጦርን ለማንቀሳቀስና ግዛትን ለመያዝ የታቀዱ ሲሆኑ ከአዲስ አበባና ከአሥመራ ይነሡ ነበር። ከነፃነት በኋላ መንግሥት በ1950 ከዓለም ባንክ ባገኘው ብድር ታግዞ በ1951 የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ። በኋላ የተደነገገው የአገሪቱ የመንገድ ምደባ አምስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው፣ በእንግሊዝኛው እዚህም «ትረንክ» የተባለው፣ አዲስ አበባን ከዓለም አቀፍ ድንበሮችና ከመሰል ማዕከሎች ጋር የሚያገናኘው ነው። ከእርሱ ቀጥሎ አገናኝ፣ ዋና መዳረሻ፣ ሰብሳቢና መጋቢ መንገዶች ይመጣሉ።

እነሆ በዚህ ቦታ ሁለት መሰላሎች ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ከዋና ከተማ ተነሥተው የሚያዩ ናቸው። ቁጥሩን ከለንደን የጀመረው መዝገብና ግንዱን ከአዲስ አበባ የተከለው ምደባ በጋራው ካርታ ላይ ሲደራረቡ፣ ሁለት ክፍለ አገሮችን በቀጥታ የሚያገናኝ፣ ዋና ከተማውን ግን የማይነካ የገበያ መንገድ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። የምደባውን አዘጋጆች ለመውቀስ አይደለም፤ ለበጀትና ለጥገና እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። የምንለው የበጀት ቅደም ተከተል የሕዝብ ኑሮ ቅደም ተከተል ተደርጎ እንዳይወሰድ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን የቅርብ ጊዜ ታሪካችን አሳይቷል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ወደ መቀሌ የሚወስዱት ዋና ዋና መንገዶች በተዘጉበት ወቅት፣ ከ2021 አጋማሽ ጀምሮ የርዳታ እህል በየብስ ይገባበት የነበረው በአፋር በኩል ከሰመራ በአብአላ የሚያልፈው መንገድ ነበር። ያም ከታኅሣሥ 2021 እስከ መጋቢት 2022 መጨረሻ ድረስ ተቋረጠ። በእነዚያ ወራት የሚሊዮኖች ሕይወት የተንጠለጠለው በዚያ አንድ መንገድ ላይ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ በወሎ በኩል የሚወጣው ታላቁ ጎዳና ግን ደረጃውን እንደያዘ ወደ መቀሌ ማንንም አያደርስም ነበር። ደረጃ የሰላም ጊዜ ፍርድ ነው፤ የመንገድ እውነተኛ ክብደት የሚታወቀው ሌላው ሲዘጋ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የአገራችን ሰው ስለ መንገድ ሲጠይቅ የሚያስቀድመው ደረጃውን አይደለም። «ክረምት ከበጋ ያስኬዳል ወይስ በበጋ ብቻ?» ይላል። «አስፋልት ነው፣ ጠጠር ነው፣ ወይስ ኮረኮንች?» ይላል። «ወንዙ ድልድይ አለው?» ይላል። እነዚህን ሁሉ በጋራው ካርታ መዝገብ በየራሳቸው መለያ ማስፈር ይቻላል። ሆኖም የካርታው ዋና ሥዕል ለብዙ ዓመታት አስፋልቱንና አፈሩን ሳይለይ በአንድ ቀለም ሲያሳይ ኖሯል፤ የሚታየው ማዕረግ ብቻ ነበር። ሠራተኛውም መንገዱ መጥፎ መሆኑን ለማሳየት ሲል ደረጃውን ዝቅ ማድረግ ይቃጣው ነበር። አንዱን እውነት ለመናገር ሌላውን ማጥፋት ማለት ይህ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የዘረዘርነው ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው። የመንገድ ደረጃ የመንገዱ የተፈጥሮ ባሕርይ ሳይሆን፣ ደረጃውን የሰጠው ሰው የት ተቀምጦ ያይ እንደ ነበር የሚናገር ምስክር ነው። የለንደን ሒሳብ ሹም ከግምጃ ቤቱ አየ፤ የአዲስ አበባ መሐንዲስ ከዋና ከተማው አየ፤ እኛ ደግሞ ከሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ፣ ከባሕር ማዶ እናያለን። ከሦስቱ መቀመጫዎች ከመንገደኛው ይበልጥ የራቀው የእኛው ነው።

ከዚህ የተነሣ ሥራው ይቅርብን አንልም። የአገራችን መንገዶች በኢትዮጵያውያን እጅ መመዝገባቸው የሚያኮራ ተግባር ነው፤ ከመካከላችን በዚህ ሥራ የተሰማሩትም ሊበረታቱ ይገባል። ይሁን እንጂ ሦስቱን ጥያቄዎች፣ ማለትም መንገዱ ለማን ይጠቅማል፣ ከምን ተሠርቷል፣ መቼ ያስኬዳል የሚሉትን ለየብቻ መመዝገብ ይገባናል እንጂ አንዱን ለሌላው ማስያዣ ማድረግ የለብንም። ቅርጹን ከሰማይ ልንሥል እንችላለን፤ ደረጃውን ግን በመንገዱ የሚሄደውን ሰው፣ በዚያው አካባቢ የቀረውን ዘመድ፣ የአውቶቡሱን ሾፌር፣ ገበያ የምትወጣውን እናት ሳንጠይቅ መስጠት የለብንም። ላላወቅነውም መንገድ መዝገቡ ያልታወቀ መሆኑን የሚገልጽ መለያ አለውና በእርሱ መጠቀም ነውር አይደለም።

ብዙዎቻችን አገራችንን ከተለየን ረጅም ጊዜ ሆኖናል። በትዝታችን ሰፊ የነበረው ጥርጊያ ጎዳና ዛሬ በሣር ተሸፍኖ ይሆናል፤ የእግር መንገድ የነበረውም አውቶቡስ ይመላለስበት ይሆናል። ካርታው እንዲታመን ከፈለግን ትዝታችንን እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ጥያቄ ይዘን መቅረብ አለብን። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ፣ ከሩቅ ሲታይ ከካርታው የሚጠፋው ያ ቀጭን መስመር በቦታው ላለው ሰው ወደ ወፍጮው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወደ መስጊዱና ወደ ጤና ጣቢያው የሚያደርሰው ብቸኛ መንገድ ሊሆን እንደሚችል አንርሳ።